ሦስት ጊዜ የተጣራ ውሃ

ኛውንግ ላ፣ በታባውንግ ወር መጨረሻ፤ ማርች 1983

ለልጄ ለማ ንዌ ዪን፣
ፒናንግ

የእምነታችን ሦስቱ ዕንቁዎች በምትሄጂበት ሁሉ ከፊትሽ ይቅደሙ፤ እጅሽ ከሥራ፣ ልብሽ ከርኅራኄ አይለይ። እኔ ታላቅ አጎትሽ ኡ ሚያት ሳን፣ ጥርሴ ቢሳሳ፣ ዓይኔም ያለ መነጽር እምቢ ቢለኝ፣ ከዚያ በቀር ደህና ነኝ። አባትሽ ወንድሜ በሞተ ጊዜ ወስጄ ፊደል ያስቆጠርሁሽ እኔ ስለሆንሁ፣ ባለፈው ደብዳቤሽ ላይ ያየኋቸውን ግድፈቶች በፍቅር አልፌያቸዋለሁ። ሆኖም ሁለት ናቸው።

ባለፈው የብርድ ወራት በሟች ባለቤቴ፣ በአክስትሽ በዶ ቲን ንዩ ስም በደጃፌ ያቆምሁት የውሃ መደብ እንደ ጸና ነው። ከጀልባ ማረፊያው ወደ ገበያ የሚወጣ መንገደኛ ሁሉ ዳገቱ መካከል ላይ ሲደርስ ይጠጣል፤ ጠጥቶም ይመርቃታል። ውሃውን ከወንዝ የሚያመጣው ጋሪ ነጂ ነው፤ ማጣራቱን ግን ለማንም አልሰጥም። ሕይወት ያለው ነገር በሰው ጉሮሮ ገብቶ እንዳይሞት፣ በጨርቅ ሦስት ጊዜ አጥልዬ በሦስቱ እንስራዎች እሞላዋለሁ። የኩባያውንም ጠርዝ በገዛ ጣቴ አብሰዋለሁ። ፀሐይ ድንጋይ በምትሰነጥቅበት በዚህ ወራት፣ ያ ውሃ ለአክስትሽ የሚያስገኝላትን ጽድቅ አንቺው መዝኚው።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። በማረፊያው ሰፈር ትኩሳት ገብቷል። ቀስ ብሎ ይጀምራል፤ እንደ ደረጃ በየቀኑ ከፍ ይላል፤ ከዚያም አልለቅም ይላል። ሆድ ይነፋል፣ ራስ ይፈልጣል፣ ጠንካራ ቀዛፊ ሰው እንደ ልጅ ይቃዣል። ምንጩን ግን ደርሼበታለሁ። ዶ ኦን ኪንን ታስታውሻታለሽ፤ በማረፊያው ጥግ ሞሂንጋ የምትሸጠውን፣ ምላሷ ከዓሣ ሾርባዋ ይልቅ የሚያቃጥለውን። ዝንብ ከደንበኞቿ ቀድሞ ቁርሱን የሚበላው እርሷ ዘንድ ነው። መደብሯ እንዲዘጋ ለሰፈሩ ሸንጎ አመልክቻለሁ።

ገንዘብ አልጠይቅሽም። ሽመናው የጠበቀ ስስ ነጭ ጨርቅ ብትልኪልኝ በቂዬ ነው፤ የእኔው አርጅቷል።

ዕድሜሽ ይርዘም።
አጎትሽ


ፒናንግ፣ ኤፕሪል 20 ቀን 1983

ለተከበሩት ባጂዬ፣

ታላቅ አጎቴ ሆይ፣ ለአዲሱ ዓመት እንደ ወጉ ቀርቤ ከእግርዎ ሥር መስገድ ስላልቻልኩ፣ ከዚሁ ሆኜ ግንባሬን መሬት አስነክቼአለሁ። በሐሳብም በቃልም በሥራም ያስቀየምኩዎት ካለ ይቅር ይበሉኝ። ግድፈቶቹንም ጭምር።

ጨርቁን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ወደ ራንጉን በሚመለስ መርከበኛ እጅ ልኬአለሁ። ነገር ግን ባጂ፣ ስለ ትኩሳቱ የጻፉልኝን ካነበብኩ ጀምሮ እጄ ሥራ ላይ አላርፍ ብሎኛል። እዚህ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ቀኑን ሙሉ በአጉሊ መነጽር የምመለከተው እንዲህ ያለውን ነው። ከምልክቱ የአንጀት ተስቦ ይመስለኛል።

በሽታ መንገደኛ ነው፤ ያለ መንገድ ከሰው ወደ ሰው አይሄድም። አንዳንዱ በትንፋሽ ይጓዛል፣ አንዳንዱ የወባ ትንኝን ጀልባ ያደርጋል። ይኼኛው ግን በአፍ ይገባና፣ ነውር አይሁንብኝ ባጂ፣ በወዲያኛው በር ይወጣል። ከዚያ በእጅ ወይም በውሃ ወይም በዝንብ እግር ተመልሶ የሌላ ሰው አፍ ይፈልጋል። ከገባም በኋላ ወዲያው አይታወቅም። ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴ ከዚያም በላይ ያደባል። ስለዚህ ሰው የታመመው ትናንት በበላው አይደለም። በዶ ኦን ኪን ከመፍረድዎ በፊት እባክዎ እነዚያ ሕመምተኞች ከዚያ በፊት የት የት እንደበሉና እንደጠጡ ይጠይቁልኝ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ማን እንዳልታመመ ይንገሩኝ። ጤነኞቹ ብዙ ያስተምሩናል።

ጨርቁ ትልና ጉድፍ ይይዛል፤ ይህን ግን አይይዘውም። በአንድ ጠብታ ውስጥ ሺህ ሆኖ ያልፋል። የመደቡን ውሃ አፍልተው አቀዝቅዘው ይሙሉት። በአክስቴ ስም የምለምንዎ ይህን ብቻ ነው።

ልጅዎ ንዌ ዪን


ኛውንግ ላ፣ በካሶን ወር አጋማሽ፤ ሜይ 1983

ለልጄ ለማ ንዌ ዪን፣

ሰላምና ጤና ከአንቺ አይራቁ። ጨርቁ ደርሶኛል፤ መልካም ጨርቅ ነው። ምክርሽም ደርሶኛል።

በልጅነቴ በገዳም ትምህርት ቤት መምህራችን ሽመል ይዘው ያስተማሩን የመጀመሪያው ሕግ ነፍስ ያለውን አትግደል የሚል ነው። አንቺ እንደምትይው በአንድ ጠብታ ሺህ ነፍስ ካለ፣ ያንን እንስራ በእሳት ላይ ጥጄ ለአክስትሽ የምልክላት ጽድቅ ነው ወይስ የሺህ ጊዜ ሺህ ነፍስ ደም? ከሌለ ደግሞ ማፍላቱ ከንቱ ነው። በሁለቱም በኩል ነገርሽ አልቆመልሽም። ክርክር ያስተማርሁሽ እኔ ነኝና ሽንፈቱን በጸጋ ተቀበዪ።

ይሁን እንጂ የጠየቅሽኝን ጠይቄአለሁ። በመጀመሪያ ወደ ዶ ኦን ኪን ሄድሁ።

«መምህር ሳያጂ፣ እንኳን ደህና መጡ» አለችኝ፣ ጭልፋዋን እንኳ ሳታስቀምጥ። «ሊበሉ ነው ወይስ ሊያስሩኝ?»

«ልመረምር ነው።»

«ይመርምሩ። ድስቴ ጎህ ሳይቀድ ጀምሮ እየተንተከተከ ነው። እዚያ ውስጥ ዋና የሚማረው የትኛው በሽታ ነው?»

«ዝንቦችሽስ?»

«ደሞዝ ከፍዬ የቀጠርኳቸው አስመሰሉት እኮ። እርስዎም ደጅ ይመጣሉ። እዚያ ሲደርሱ ጽድቅ ፈላጊ ናቸው፣ እኔ ጋ ሲደርሱ ወንጀለኛ።»

ሰዎቹ ሳቁ። በማግስቱ ሸንጎው መደብሯን ዘጋ። ይህን የምነግርሽ ደስ ብሎኝ አይደለም፤ ሥርዓት ስለሆነ ነው።

ያልታመሙትን ጠይቀሻል። መልሱ ሰውን የሚያስመርር ነው። በሻይ ቤቱ ከጥዋት እስከ ማታ ሻይ እየጠጡ ካርታ የሚመቱት ሥራ ፈቶች አንዳቸውም አልታመሙም። ቻይናው የብረታ ብረት ነጋዴም ከነቤተሰቡ ደህና ነው፤ እርሱ ትኩስ ካልሆነ ነገር አይቀምስም። የታመሙት ታታሪዎቹ ናቸው፤ ቀዛፊዎቹ፣ ተሸካሚዎቹ፣ ለገበያ የሚወጡ ሴቶች። ከገዳሙም ሁለት ጀማሪ መነኮሳት ወድቀዋል። እነርሱ የዶ ኦን ኪንን ሞሂንጋ ቀምሰው አያውቁም፤ ጠዋት ለምጽዋት ሲወጡ እኔ ዘንድ ውሃ ጠጥተው ብቻ ያልፋሉ። ምናልባት እንፋሎቱ ደርሷቸው ይሆናል።

ውሃዬን እንዳትጠረጥሪ ደግሞ ይህን ልብ በዪ። ከእነዚያ እንስራዎች ከማንም በላይ የምጠጣ እኔ ነኝ። ካቻምና ክረምት ያ የማይለቅ ትኩሳት ካንገላታኝና በትዕግሥት ካሸነፍሁት ወዲህ፣ ራሴን እንኳ አሞኝ አያውቅም።

ጀልባ ቀዛፊው ኮ ታ ላ ክፉኛ ታሟል። ጨርቅ አልፈልግም፤ ከዚያ ሆስፒታል የሚገኝ መድኃኒት ካለ ላኪ።

አጎትሽ


ፒናንግ፣ ጁን 11 ቀን 1983

ለተከበሩት ባጂዬ፣

ከእግርዎ ሥር ነኝ። ይህን ደብዳቤ ጽፌ ቀድጄአለሁ፤ ደግሜ ጽፌ ደግሜ ቀድጄአለሁ። እባክዎ እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ።

የኮ ታ ላን መድኃኒት ልኬአለሁ፤ መንገድ ላይ እንዳይዘገይ እፈራለሁ። የጤና ረዳቱ ከራንጉን ቀድሞ የሚያገኝ ከሆነ የእኔን አይጠብቁ።

ባጂ፣ ሻይ የሚጠጡት ሰዎች ያልታመሙት ሻዩ ስለሚፈላ ነው። ጀማሪዎቹ መነኮሳት የታመሙት በሞሂንጋ እንፋሎት አይደለም። ይህን እርስዎም ጽፈውልኛል፤ በእጅዎ ጽፈውት አላዩትም። መደቡ የቆመው በብርድ ወራት ነው፤ ትኩሳቱ የተነሣው ከዚያ በኋላ ነው። ወንዙ ግን ድሮም ነበረ።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን ስለ ራስዎ የጻፉት ነው። አንዳንድ ሰው ይህን በሽታ ያሸንፈዋል፤ ነገር ግን ከቤቱ አያስወጣውም። ተሕዋሱ በሐሞት ከረጢት ውስጥ ጎጆ ይሠራል። ባለቤቱ አይታመምም፣ አያተኩስም፣ ከማንም በላይ ጤነኛ ይመስላል። ንጹሕ ሰውም ሊሆን ይችላል፤ በቀን ሁለት ጊዜ የሚታጠብ፣ ሎንጂ ሽርጡ የተተኮሰ። ግን እጅ ከ… ከዚያ በኋላ ያለ ሳሙና በውሃ ብቻ ከታጠበ፣ ዓይን የማያየው ይቀራል። ያ እጅ ጨርቅ ይጨምቃል፤ የኩባያ ጠርዝ ያብሳል።

ጥፋተኛ ማለቴ አይደለም። አያውቅማ። የሚታወቀው በምርመራ ብቻ ነው። የጤና ረዳቱን ኮ ሶ ዊንን ያነጋግሩ፤ የሚጠይቅዎትን ነገር፣ ምንም ይሁን ምን፣ ይስጡት። እስከዚያ ድረስ እንስራዎቹን ሌላ ሰው ይሙላቸው።

ይቅር ይበሉኝ።
ንዌ ዪን


ፒናንግ፣ ጁላይ 24 ቀን 1983

ለባጂዬ፣

ደብዳቤዬ አልደረሰዎትም ወይስ ደርሶዎታል? የቱ እንደሚሻለኝ አላውቅም። ኮ ታ ላ እንዴት ሆነ? ይስደቡኝ፣ ግን ዝም አይበሉኝ።

ንዌ ዪን


ኛውንግ ላ፣ በዋጋውንግ ወር፤ ኦገስት 1983

ለማ ንዌ ዪን፣

ደብዳቤሽ ደርሶኝ ነበር። መልስ ያልጻፍሁት ለቁጣዬ የሚመጥን የተስተካከለ ዓረፍተ ነገር ስላጣሁለት ነው። አርባ ዓመት በዚህች ከተማ የአንድ ትውልድ ጥፍርና ጆሮ በየማለዳው የመረመርሁ መምህር፣ ያሳደግኋት ልጅ እጅህ ቆሻሻ ነው ብላ ከባሕር ማዶ ስትጽፍለት ምን ይላል? ደብዳቤውን አጥፌ ከትራሴ ሥር አኖርሁት። እንስራዎቹንም ሞላሁ። ይህንኑ ልነግርሽ ይገባኛል፤ ካነበብሁ በኋላም ሞላሁ።

ከዚያ ወደ ገዳሙ አለቃ ወደ ሳያዶው ሄድሁ፤ እንዲፈርዱልኝ።

«ውሃ ማፍላት ነፍስ ማጥፋት ነው ወይስ አይደለም?» አልኋቸው።

«ሩዝ ትበላለህ?» አሉኝ።

«እበላለሁ፣ ጌታዬ።»

«ጥሬውን?»

«በስሎ፣ ጌታዬ።»

«ለምሳህ ሲሆን ያልከበደህ እሳት፣ ለመንገደኛ ውሃ ሲሆን ለምን ከበደህ?» አሉና፣ «በል ሂድ፤ እነዚያን የታመሙ ልጆቼን ላጥባቸው» ብለው ተነሡ።

ከገዳም ወጥቼ ገና ቤቴ ሳልደርስ ኮ ታ ላ መሞቱን ሰማሁ። አንቺ የላክሽው መድኃኒት አልዘገየም፤ ሰውዬው አንጀቱ ተበስቶ ነበር አሉኝ። ቀብሩን ሸኝቼ ቀድሜ ተመልሼ በደጄ ቆምሁ። ለቀስተኞቹ በዳገቱ ሲያልፉ ሚስቱ ከመካከላቸው ወጣች። ሕፃን ታቅፋለች። ወደ መደቡ መጣች፤ ኩባያውን አነሣች፤ «ለዶ ቲን ንዩ ነፍስ» ብላ እንደ ወጉ መረቀች። ያን ጊዜ፣ ልጄ፣ የጻፍሽው ሁሉ በአንድ ጊዜ ተነበበልኝ። ኩባያውን ከአፏ ላይ ነጥቄ ጣልሁት። እንስራዎቹንም ተራ በተራ ወደ መንገዱ ገለበጥኋቸው።

«ሳያጂ አበዱ» አለ አንድ ሰው።

«ሐዘን ነው» አለ ሌላው። «ኮ ታ ላን ይወዱት ነበር።»

ሴትዮዋ ግን በእግሯ ሥር የሚወርደውን ውሃ እያየች ቆመች።

በማግስቱ ወደ ኮ ሶ ዊን ሄድሁ። ልጁ ሊነግረኝ አልቻለም፤ አንዲት ብልቃጥ በእጁ ያሽከረክራል።

«ሳያ… ትንሽ… ያንን… በዚህች ውስጥ…»

«ምኑን?»

«የሚወጣውን።»

«ከእኔ እስከ ዛሬ የወጣው ትምህርት ብቻ ነው» አልሁት።

መጀመሪያ ደነገጠ፤ ከዚያ መሳቅ ጀምሮ ማቆም አቃተው። «ሳያ» አለኝ ዓይኑን እየጠረገ፣ «ሦስተኛ ክፍል እያለሁ ወደ ውጭ ልውጣ ብዬ ስለምንዎ ተቀመጥ ብለው ገርፈውኝ ነበር። ዛሬ እኔ ልለምንዎ?»

ሰጠሁት። እንዴት እንደ ሰጠሁት ለማንም አልጽፍም።

ብልቃጧ ከተላከችበት ከመንደሌ ላቦራቶሪ መልሱ መጥቷል። እንዳልሽው ነው። በእኔ ውስጥ አለ።

መልሱን ይዤ ወደ ሸንጎው ገባሁ፤ ቆሜ አነበብሁላቸው፤ የዶ ኦን ኪን መደብር እንዲከፈት በጽሑፍ ጠየቅሁ። ወደ ኮ ታ ላ ሚስት ቤትም ሄጄ ነገርኋት። በሩን አልዘጋችብኝም፤ ግን ይግቡ አላለችኝም። ከዚያ ዶ ኦን ኪን ጋ ደረስሁ። ይሳቅብኛል ብዬ ነበር የጠበቅሁት።

«ዝናቡ ሳይገባ ጀምሮ እሳቴ ጠፍቶ ከረመ» አለችኝ። «ልጆቼ ከአማቴ ቤት ነው የሚበሉት። ይቅርታዎ ማገዶ አይሆነኝም፣ ሳያጂ።»

«ማገዶ አመጣለሁ» አልኋት።

«በእጅዎ እንዳይሆን ብቻ» አለች። ከዚያ ግን፣ «በጋሪ ይላኩት» አለች ቀስ ብላ።

መድኃኒቱ ለእኔ የሚሆን ከሆነ ላኪልኝ። ሳሙናም ላኪ፤ እዚህ ኅብረት ሱቁ ውስጥ ከጠፋ ቆይቷል። ድሮ ለልብስ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

አጎትሽ


ፒናንግ፣ ሴፕቴምበር 19 ቀን 1983

ለተከበሩት ባጂዬ፣

ደብዳቤዎን በሥራ ቦታ አነበብኩት፤ ማልቀሴን ያዩ ጓደኞቼ ሰው ሞቶባት ነው ብለው ሻይ አፈሉልኝ። ክኒኖቹን በሐኪም ትእዛዝ ልኬአለሁ፤ ሳይዘልሉ እስከ መጨረሻው ይዋጡ። ሲጨርሱ ምርመራው ይደገማል። በአንዳንድ ሰው ላይ ይጠፋል፤ በአንዳንዱ ግን አይጠፋም። ይህን ልደብቅዎት አልፈለግኩም። ባይጠፋም በእጅዎ ምግብና ውሃ ለሰው ካልሰጡ፣ ከእርስዎ ጋር መኖር፣ መጨባበጥ፣ አብሮ መቀመጥ አያስፈራም። ሰውን የሚጎዳው የበሽታው መንገድ ነው እንጂ እርስዎ አይደሉም።

አንድ ነገር ልጠይቅ። ያን ቀን ሕፃኑ ጠጥቶ ነበር?

ንዌ ዪን


ኛውንግ ላ፣ በናዶ ወር፤ ዲሴምበር 1983

ለልጄ ለማ ንዌ ዪን፣

ሦስቱ ዕንቁዎች በባዕድ አገር ጥላ ይሁኑልሽ። ሕፃኑ አልጠጣም፤ ደህና ነው። እናቲቱም አልታመመችም። ሰላምታዬን ትመልሳለች፤ ከዚያ በላይ አልጠይቃትም። በሰፈሩ ከኦክቶበር ወዲህ አዲስ ሕመምተኛ አልታየም።

ክኒኖቹን ጨረስሁ፤ ምርመራው ተደገመ፤ በሽታው አሁንም በውስጤ አለ። ኮ ሶ ዊን ከመንደሌ የመጣውን ወረቀት ይዞ ከበሩ ላይ ሲዘገይ ሳየው ገና ሳይናገር አወቅሁ። የሐሞት ከረጢቱን በቀዶ ማውጣት ይቻላል አለኝ። በዚህ ዕድሜዬ እንግዳውን ለማስወጣት ቤቱን አላፈርስም አልሁት።

መደቡ ዳግም ሥራ ጀምሯል። ውሃውን ዶ ኦን ኪን ከሞሂንጋው በኋላ በዚያው እሳት ታፈላዋለች፤ አቀዝቅዛ ትሞላዋለች። ኩባያውን አስወግዳ ረጅም እጀታ ያለው መጭለፊያ አኑራለች፤ ሰው ወደ ገዛ ዕቃው ወይም ወደ መዳፉ እንዲያፈስስ፣ የአንዱ ከንፈር የሌላውን እንዳይነካ። ይህ የእርሷ ሐሳብ ነው፤ በሰፈሩ ፊት ይህን ደጋግማ ትናገራለች። ማገዶው የእኔ ነው። የአክስትሽ ስም በሰሌዳው ላይ እንዳለ አለ፤ እኔ ግን ከመደቡ አራት እርምጃ ያህል ርቄ፣ ከማንጎው ሥር ወንበሬን አድርጌ እቀመጣለሁ። ለሚያልፈው የምሰጠው ነገር የለኝም፤ ሰላምታ ብቻ። እጄ ሥራ ይፈልጋል፤ አንዳንዴ ሳላስበው ተነሥቼ ግማሽ መንገድ ስደርስ ነው የምመለሰው።

ትናንት አንድ እንግዳ መጣ፤ ከወንዝ ማዶ፣ ከእኔ የማያንስ ሽማግሌ፣ በትከሻው በሁለት ቅርጫት የቅባት ጠርሙስ የተሸከመ። የጠዋቱ ውሃ አልቆ ነበር፤ ዶ ኦን ኪን ደግሞ ገበያ ወጥታለች። እንስራዎቹን አንድ በአንድ ገልጦ አየና ወደ እኔ ዞረ።

«ወንድሜ፣ ውሃ አልቋል እንዴ?»

«አልቋል። ጥቂት ይቀመጡ፤ የምትሞላው ሴት አሁን ትመጣለች።»

«ገበያው ይበተንብኛል። ከቤትዎ የለም?»

«አለ።»

«ታዲያ ቢሰጡኝ ምን አለበት?»

«ከእኔ እጅ አይጠጡ።»

ሸክሙን ከትከሻ ወደ ትከሻ አዘዋወረ። ከእግር እስከ ራስ አየኝ፤ የተተኮሰውን ሎንጂዬን፣ መነጽሬን፣ በሰሌዳው ላይ ያለውን ጽሑፍ።

«እጅዎ ወርቅ ነው እንዴ?» አለኝ። «እኔ በዚህ መንገድ ሠላሳ ዓመት ተመላልሻለሁ። በጽድቅ መደብ ሥር ተቀምጦ ውሃ የሚነፍግ ሽማግሌ ግን ዛሬ አየሁ። የሞተችው ሰውዎ ታፍርብዎታለች።»

ልነግረው እችል ነበር። አፌን ከፍቼም ነበር። ነገር ግን ብነግረው ቆሞ ይሰማኛል፤ ሰምቶ ያዝንልኛል፤ አዝኖም፣ እንዲህ ያሉ ሽማግሌዎችን ዓይነት አውቃለሁና፣ «ግድ የለም፣ የተጻፈልኝ አይቀርም» ብሎ ለይሉኝታ ይጠጣ ነበር። ስለዚህ ዝም አልሁ። ከእግሬ ፊት የሚያኝከውን የኩን ቅጠል የቀላ ምራቅ ተፋና ሸክሙን አነሣ።

ጥማቱንም ንቀቱንም ይዞ፣ በጤና፣ ዳገቱን ወጣ።

ዕድሜሽ ይርዘም፤ ሳሙናው ሲገኝ ላኪ።

አጎትሽ ኡ ሚያት ሳን